በርበሬው ጋሹና የኪራይ ዘፈን

መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሙዚቃ ቤት ያለው ጋሹ ሌባ ነው። ስሙን እኛ አላወጣንለትም፤ ራሱ ነው የሚለው።

«የእኔ ሌብነት» ይላል ደንበኛ ሲሞቅለት፣ «ባለቤቱን አያጎድልም። ዶሮ ብሰርቅ ዶሮዋ ትሄዳለች። ዘፈን ስሰርቅ ግን ዘፈኑ እዚያው አለ፤ አንተም ሚሞሪህን አስሞልተህ ትሄዳለህ። ታዲያ ማን ምን ቀረበት?»

ማንም ምንም አልቀረበትም፣ ይላሉ ደንበኞቹ። የባቄላ ነጋዴው፣ የወረዳ ሠራተኛው፣ የደሴ መስመር ሹፌሩ፣ ሁሉም ይስማማሉ። ጋሹ በካሴት ጀምሮ በሲዲ አልፎ ሚሞሪና ፍላሽ ላይ የደረሰ ሰው ነው። ካሴት ሲሞት አላዘነም። ሲዲ ሲሞት ግን ትንሽ ከፋው፤ የተረፉትን ሚስቱ ዘይነባ ወፍ ማባረሪያ ብላ ጓሮ ማሽላዋ ላይ ሰቀለቻቸውና ዘፋኞቹ ሁሉ በነፋስ ሲሽከረከሩ ከረሙ። ፍላሽ ከመጣ ወዲህ መንዙማውንም መዝሙሩንም የሰርጉንም እያፏጨ ጎን ለጎን ይጭናል። አንድም ቀን ውስጥ ለውስጥ ተጣሉ ሲባል አልሰማም።

ቀረብኝ የምትለው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፦ አልታዬ። አልታዬ ሰርግ አድማቂ ናት። ከወግዲ እስከ አጅባር እሷ ያልዘፈነችበት ሰርግ እንደ ግማሽ ሰርግ ይቆጠራል። ከዓመታት በፊት ጊደሯን ሸጣ ደሴ ስቱዲዮ ገባችና አንድ ሙሉ ካሴት አስቀረጸች። ጋሹ አንዱን ቅጂ አገኘ። ወሩ ሳይሞላ በወረዳችን በቦረና አህያ የሚነዳ ሁሉ የአልታዬን ዘፈን እያዜመ ይነዳ ነበር። አልታዬ በጋሹ ምክንያት ዝነኛ ሆነች፤ በጋሹ ምክንያትም ጊደር የሌላት ዝነኛ ሆነች።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ገባችና ባንኮኒው ላይ ክርኗን አሳረፈች።

«አዲስ ዘፈን አውጥቻለሁ። ግን አታገኘውም» አለችው።

«ያላገኘሁት ዘፈን እስካሁን አልተወለደም።»

«ምንጭ በሚባል አፕ ነው የተለቀቀው። ሰው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይከፍላል፤ የፈለገውን ወደ ስልኩ ያወርዳል፤ በሰማው ቁጥር ለእኔም ይደርሰኛል።»

«መክፈል ሲያቆምስ?»

«ይዘጋበታል።»

«ያወረደውም?»

«ያወረደውም።»

ጋሹ እስኪያስለው ሳቀ። «ያ ረቢ! የቤት ኪራይ አንሶን የዘፈን ኪራይ! ነገ ደግሞ ጭብጨባውን በሳምንት፣ እልልታውን በቀን ታከራዩናላችኋ! ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ዘፈን የራሱ ካልሆነ ምኑን ገዛው?»

«አንተ ምን አገባህ? ተከራይተህም ገዝተህም አታውቅ» አለችውና ወጣች።

ጋሹ ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደውም ቢባል ውሸት ነው፤ ጥሩ አድርጎ ነው የተኛው። በነጋታው ግን አፑን ስልኩ ላይ ጫነ። የመጀመሪያው ሳምንት በነጻ ነበርና ኪሱ አልተነካም። የአልታዬን ዘፈን አውርዶ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰካ።

ሌባ ይሁን እንጂ ጆሮ አለው። ከቅጂ ቅጂ ሲገለብጥ ለኖረ ሰው መሰንቆ ማለት ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ተርብ ነው። አሁን ግን የአልታዬ ትንፋሽ እንኳ ይሰማዋል። «ወግዲ ላይ ደምኖ ቦረና ዘነበ፣ የጠበቅሁት ቀርቶ ያልጠበቅሁት ቀረበ» ስትል ክንዱ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ወዲያው ተናደደ። እንዲህ ያለ ዘፈን በኪራይ ሲቀር ዝም ተብሎ ይታያል?

ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ላፕቶፑ ምንም አላየም። ያልፈተሸው ፎልደር የለም፤ ዘፈኑ ስልኩ ውስጥ አለ፣ ግን የለም። ሳምንቱን ሙሉ ሲታገለው ከረመ። በመጨረሻው ቀን የሌባ ብልሃት መጣለት፦ ዘፈኑን በስፒከር ማጫወትና ከፊቱ ማይክ አቁሞ መቅዳት። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል በር ዘጋ፤ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፤ ቀረጻውን ጀመረ። ውጭ የደሴ ሚኒባስ የሚነዳው አለምነው መንገደኛ ሞልቶ፣ አዲሱን ዘፈን ሳልይዝ አልሄድም ብሎ፣ ጥሩንባውን ሊነፋ ትንሽ ቀርቶት ቆሟል።

ቀረጻው አማረ። አልታዬ ወደ መጨረሻው ስንኝ ደረሰች፦

«ሄዶ ሄዶ መጣ፣ ጎዳናውን ትቶ፣
ምን ይሆን የመጣው፣ ከእኔ ቤት ረስቶ?»

እዚህ ላይ ከበሮውም መሰንቆውም ለአፍታ ጸጥ ይላሉ። ልክ በዚያች ጸጥታ በሩ ተበረገደና የዘይነባ ድምጽ ገባ፦

«አንተ ጋሹ! በርበሬውን ወፍጮ ቤት ረስተኸው መጣህ አይደል!»

ከበሮው ቀጠለ።

ጋሹ እንደገና ልቅረጽ ብሎ ስልኩን ሲነካ «ነጻ ሳምንትዎ አልቋል» የሚል ጽሑፍ መጣበት። ዘፈኑም ተዘጋ። ውጭ አለምነው ጥሩንባውን ለቀቀው። ጋሹ ትንሽ አሰበ። ዘፈን እስከ መጨረሻው በጥሞና የሚሰማ ሹፌር አይቶ አያውቅም። ፍላሹን ሞልቶ ሰጠው።

አለምነው ከደሴ ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያንኑ ዘፈን ድገም ድገም እያለ ነበር። ዘፈኑ ኩታበር ደረሰ፤ አጅባር ደረሰ። በየሰርጉ ሞንታርቦ የሚያጫውተው ሰው ጸጥታዋ ላይ ሲደርስ ድምጹን ይቀንስና ድንኳኑ በሙሉ በአንድ አፍ «በርበሬውን ወፍጮ ቤት ረስተኸው መጣህ አይደል!» ብሎ ይጮኻል። ሙሽራ ሳይቀር ይጮኻል። ጋሹ ባንክ ቤት ሄዶ ተራ ሲጠብቅ ጠባቂው «በርበሬው ጋሹ፣ ወደዚህ ጠጋ በል» አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ስም አልነበረውም።

ዘይነባ መጀመሪያ ከቤት አልወጣም አለች። «ባል ያለኝ ሴት፣ በማላውቀው ሰው ሰርግ ስጮህ ልኑር?» እያለች ጋሹን ስታንቀጠቅጠው ከረመች። ገበያ ስትወጣ ግን ሴቶቹ እየሳቁ ያቅፏታል፤ በርበሬ ነጋዴዋ ደግሞ «ላንችማ ምርጡን ነው የምሰጥ» ብላ ጨምራ ሰፈረችላት። ዘይነባ ጨምሮ የሚሰፍር ሰው አይታ ስለማታውቅ ነገሩ ትንሽ ይጥማት ጀመር።

አልታዬ በዚህ መካከል ወግዲ ሰርግ ተጠርታ ሄደች። አዲሱን ዘፈኗን ዘፈነች። ጸጥታዋ ላይ ደረሰችና አለፈችው። ድንኳኑ ተንጫጫ።

«ኧረ ይሄ አይደለም!» አላት አንድ ሚዜ። «የዘለልሽው አለ። ዘፈኑን በደንብ አታውቂውም እንዴ?»

የገዛ ዘፈኗን አታውቂውም የተባለች ሴት ምን እንደምትመስል ለማየት የፈለገ በማግስቱ ጋሹ ሱቅ መገኘት ነበረበት። ጋሹ ገና ከሩቅ ሲያያት ከባንኮኒው ስር የሚፈልገው ነገር በዛበት። አልታዬ ግን አላየችውም።

«ያች ሴትዮ የታለች?» አለች።

ዘይነባ እጇ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ እንዳለ ከጓሮ ወጣች። ድብድብ የመጣ መስሏት እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እስኪ በይው» አለች አልታዬ።

«ምኑን?»

«በርበሬውን።»

ዘይነባ አፈረች። መሬት መሬት እያየች «በርበሬውን ረስተህ መጣህ…» አለች፤ ለቅሶ ቤት የገባች ትመስላለች። «ወላሂ እንዲሁ አይወጣልኝም፤ ካልተናደድኩ አልችልም።»

አልታዬ ወደ ጋሹ ዞረች። «አናድዳት።»

ጋሹ በዚህ ሙያ የብዙ ዓመት ልምድ አለው። ጉሮሮውን ጠራረገና «ዘይነባ፣ ባለወፍጮዋ በርበሬዬን አጎደለችብኝ ብለሽ የተኳረፍሻት እኮ በከንቱ ነው። ግማሹን ለእህቴ ነው የሰጠሁት» አላት።

ዘይነባ የጮኸችው ጩኸት መናኸሪያው ውስጥ ተሰማ። አንድ ሊነሳ የነበረ አውቶቡስ ቆሞ ጠበቀ። አልታዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

አልታዬ ከሚደርሰኝ አካፍልሻለሁ ብላ ለዘይነባ ቃል ገባችላትና፣ ጩኸቱን ዘፈኑ ውስጥ ለማስገባት ሦስቱም ደሴ ስቱዲዮ ገቡ። ዘይነባ ማይክ ፊት ቆመች፤ ጋሹ ለማናደድ ተቀጥሮ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀመጠ። እናቷን አነሳ፣ ወጧን አነሳ፣ ወንድሟን አነሳ። ቢለፋ ቢለፋ የመጀመሪያውን የመሰለ አልወጣ አለ። መጨረሻ ላይ ሰልችቶት አፉን ከፍቶ አዛጋ። ያን ጊዜ የወጣው ነው ዛሬ ዘፈኑ ውስጥ ያለው።

አዲሱ ቅጂ ምንጭ ላይ ተለቀቀ። አልታዬ ቃሏን ጠብቃ ከሚደርሳት ለዘይነባ ታካፍላታለች። ብዙ አይደለም፤ ግን ዘይነባን ለመለወጥ በቃ። የመጀመሪያው ድርሻዋ በደረሳት ማግስት ሱቁ በር ላይ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«የእኔን ድምጽ ማንም ፍላሽ ላይ እንዳላይ።»

«የእኔ ሚስት እኮ ነሽ።»

«ሚስትህ ነኝ፤ ዘፈንህ አይደለሁም።»

እራት ላይ ሙግት ሆነ። ጋሹ፣ ዘፈን ያለ ጓደኛ ምን ይጠቅማል፣ ፍላሽ ለጎረቤት ይዋሳል፣ የኪራይ ዘፈን ግን እንደ ጥርስ ለባለቤቱ ብቻ ነው አላት። እሷ ደግሞ ያንተ ፍላሽ ከአባይ ገደል ማዶ ተሻግሮ ያውቃል ወይ አለችው። ይህን ስትል እህቷ ሀጀራ ከጅዳ ደወለች። ሀጀራ ሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከአገር ከወጣች ብዙ ዓመቷ ነው። እየሳቀችና እያለቀሰች ነበር።

«ዘይኑዬ፣ አፑ ላይ አወረድኩሽ! ልብስ ስተኩስ ከፍቼው ስትጮኺ ካውያው ከእጄ ወደቀ። ጓዳ ያለሽ መሰለኝ እኮ!»

ጋሹ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው። ቦረናን ሁሉ ዘፈን ያጠገበ እሱ ነው፤ ጅዳ ላለችው ለሚስቱ እህት ግን አንዲት ዘፈን አድርሶላት አያውቅም። በሙግቱ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ አላመነም እንጂ።

ከዚያ ኢንተርኔት ጠፋ። እዚህ አገር ኢንተርኔት እንደ ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ይቀራል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሳምንታት ሄዱ። አለምነው በኩራት ወርሃዊውን ከፍሎ ሚኒባሱን በጥሩ ዘፈን ሞልቶ ነበር። ከደሴ ሲመለስ አቀስታ ላይ ወሩ አለቀ። ስልኩ «ለማደስ ኢንተርኔት ያስፈልጋል» አለውና ዘፈኑ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ጸጥታ ሆነ። ጸጥታውን ያዩ አንድ ሽማግሌ መንገደኛ የሐሞት ጠጠራቸውን ታሪክ ጀመሩ።

አለምነው ሱቁ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። «ከአቀስታ እስከዚህ ሐሞት! ጠጠሯ እንዴት እንደጀመረቻቸው፣ የቱ ጋ እንደወጋቻቸው፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ! ጋሹ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ የአልታዬን ጫንልኝ!»

ጋሹ ሊፎክር አፉን ከፈተ። ይኸው፣ የኪራይ ዘፈናችሁ! ዘይነባ ግን በሩ ላይ ነበረች። አፉን ዘጋና ነጠላውን አንስቶ ወጣ።

አልታዬ ደጃፏ ላይ ከበሮ ስትጠፍር አገኛት። ጋሹ ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ፈቃድ ጠይቆ አያውቅምና ቃሉ አልመጣለት አለ። ስለ ብርዱ አወራ። ስለ ገብስ ዋጋ አወራ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«ዘፈኑን… ኢንተርኔቱ እስኪመለስ… ብትፈቅጂልኝ ብዬ።»

«አልሰማሁህም።»

ሰምታዋለች። ግን እንደገና ደግሞ እስኪለው ድረስ ጠፍሩን ስትጎትት ቆየች። ከዚያ ተነስታ ንጹሑን ቅጂ በገዛ እጇ አምጥታ ሰጠችው፤ ከእያንዳንዱ ፍላሽ ዋጋ የሷንና የዘይነባን ድርሻ እንዲያነሳላቸውም አስማለችው። «ኔትወርክ የለም ብሎ ሰው ሐሞት ሲሰማ አይኑር» አለች።

አሁን ኢንተርኔቱ ተመልሷል። አለምነው ኪራዩንም ይከፍላል፣ ፍላሽም በኪሱ ይይዛል፤ ለሐሞት ነው ይላል። ጋሹ የአልታዬን ድርሻ ሳያዛንፍ ይሰጣል። የሌሎቹን፣ የሩቆቹን፣ የማያውቃቸውን ዘፋኞች ግን እንደ ጥንቱ ይገለብጣል። አንድ ቀን ዘይነባ በዚያ በኩል ስታልፍ አየችው።

«እነሱም እኮ ሚስት አላቸው» አለችው።

ያን ሰዓት አንድ የወረዳ ሠራተኛ የአንድ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ሥራ ሊያስጭን ቆሞ ነበር። ጋሹ ሚሞሪውን መለሰለትና «ነገ ና» አለው። ሰውየው ግራ ገብቶት ሄደ። በነጋታው መጣ። ጋሹም ጫነለት፤ እንደ ወትሮው ግን እያፏጨ አልነበረም።