ወደ ሞላሌ የተመለሰው ባና

ከባሌ ከሽፈራው ጋር ከሞላሌ ተነሥተን ወደ ምጽዋ ስንወርድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ገብሳችንን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ውርጭ በልቶብን ነው። በዋዜማው ማታ የባሌ አባት በገዛ እጃቸው የሠሩትን ባና አምጥተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። የበጉን ጸጉር የፈተልኩት እኔ ነኝ።

«ያ ሁሉ ውኃ ያለበት አገር ብርዱ እንዴት ይሆን! በል ያዝ» አሉት።

ምን ብርድ አለና! ምጽዋ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። ያከራዩን አሮጊት ባናውን ሲያዩ፣ «ጓለይ፣ ይኼን ለብሳችሁ ልትቀቀሉ ነው?» ብለው ሳቁብን፤ ጓለይ ልጄ ማለታቸው ነው። ጥርስ የሚያሳምመው የሞላሌ ምንጭ ውል አለኝ።

ሽፈራው ዓሣ ከሚያጠምዱ ጋር ጀልባ ላይ ገባ። እኔም እንዝርቴን ይዤ ነበርና ወደቡ ዳር ተቀምጬ የመረብ ክር እፈትል ጀመር። እሑድ እሑድ ሹማምንቱ እየመጡ ለጨዋታ መንጠቆ ይጥላሉ። ዓሣውን ያወጡና፣ አገላብጠው አይተው፣ መልሰው ይለቁታል! «እኛ የምንለፋበትን እነሱ ደኅና ግባ ብለው ይሸኙታል» ይል ነበር ሽፈራው።

በሁዳዴ የነሽፈራው ጀልባ ወጥታ ቀረች። ወደብ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

«ዋና ያውቃል?»

«ጌታዬ፣ የመንዝ ሰው የት ይዋኛል?»

«ታዲያ ባሕር ውስጥ ምን ሊያደርግ ገባ?»

«ዓሣ ሊያጠምድ።»

«ዓሣ ይወዳል?»

«ቀምሶትም አያውቅ። ደግሞ ጾም ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እኅቴ፣ እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ይመጣል ብለው ይጻፉ።»

ክረምቱ ሲወጣ ከአማቴ፣ ከሽፈራው አባት፣ ደብዳቤ መጣ፤ ቄስ አስጽፈው ነው። «ልጄ፣ ሬሳ ከሌለን ባናውን ላኪልኝ፤ ላልቅስበት» ይላል። አልላክሁም። ባናውን ከላክሁ ሞቷል ማለቴ አይደል? በዚያ ሙቀት ላቤ እየተንጠባጠበ ለብሼው ተኛሁ። ጀልባ በገባ ቁጥር እየሮጥኩ ብጠይቅ፣ አጥማጆቹ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ።

አንድ ቀን አሮጊቷ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ጓለይ፣ ይኼ ባሕር እንደነዚያ ሹማምንት አይደለም። የያዘውን አይለቅም።»

ሁዳዴ ዞሮ ሲገባ ባናውን ጠቅልዬ ወደ ሞላሌ ለሚመለስ የአገሬ ሰው ሰጠሁ።

አማቴ ሞላሌ ገበያ ወጥተው ባናውን ተቀበሉ። በቅሎ ይዘው ነበር፤ ግን አልጫኑትም። አራት ሰው ጠርተው በቃሬዛ አሸከሙት፤ እሳቸውም ከኋላ በእግራቸው ተከትለው ቤተ ክርስቲያን አደረሱት።