መሥራቹና የእድሩ አግዳሚ

ሽመክት የታሪክ መምህር ነበር። አንድ የሚወዳት ጥያቄ ነበረችው፦ «የአሜሪካውን ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማን መሠረተው?» ተማሪው በአንድ አፍ «ሃርቫርድ!» ይላል። «ተሸወዳችሁ! የመሠረተው የቅኝ ግዛቱ ሸንጎ ነው። ሃርቫርድ የሚባል ሰባኪ ሲሞት መጻሕፍቱንና የሀብቱን ግማሽ አወረሰ፤ ስሙ ግን የሱ ሆነ።» ከዚያ እስኪያስለው ይስቃል። ለሰው ያስተማረውን ለራሱ አላዋለውም።

የማታ ኮሌጁን ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ ገበያ ማዶ የጀመረው በእድራችን ድንኳን ውስጥ ነው። የእድሩ እቃ ጠባቂ እኔ ነኝና አግዳሚዎቹን ሰጠሁት። ሰው ሲሞት ትምህርት ይቋረጣል፤ ተማሪዎቹ አግዳሚውን ተሸክመው ለቅሶ ቤት ያደርሳሉ፣ ሠልስት ሲያልፍ ይመልሳሉ። በድሬ ሙቀት ሸራ ሥር ላቡን እየጠረገ ስንት ዓመት አስተማረ፣ ያውም ያለ ደመወዝ።

በኋላ ነጋዴው ኃይለየሱስ ለኮሌጁ ፎቅ ሠራ። በምርቃቱ ቀን ሽመክት ይሉኝታ ያዘውና በሰው ፊት «ኮሌጁ በእርስዎ ስም ይጠራ» አለ። እንዲህ የሚባለው «ኧረ በፍጹም! የደከሙበት እርስዎ ነዎት» እንዲባል ነው። ኃይለየሱስም ይህን አያጣውም። ግን «እሺ፣ ደስ ይለኛል» አለና ቁጭ አለ። አጨበጨብን።

ስንወጣ «ንገረው እንጂ!» ስለው፣ «አቦ ተወኝ! በአፌ የሰጠሁትን መልሼ ልቀማ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሩ ላይ ከኃይለየሱስ ስም ሥር «መሥራች፦ ሽመክት» የምትል መስመር። የኮሌጁን ዲን ለመነ። «እናስብበታለን» አሉት። ሲያስቡበት ጡረታ ወጣ፤ ሲያስቡበት ታመመ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። አንድ ቀን የኮሌጁ ዘበኛ በሩ ላይ አስቁሞ «ማን ልበል?» አለው። ያቺን የሃርቫርድ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ሲያነሣት አልሰማሁም። እኔ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ሞተ። ድንኳኑን ተከልን። ያኔ የሰጠሁት አግዳሚዎች ፎቁ ውስጥ ቀርተው ስለነበር ኮሌጁ እንዲመልስልን ላክን። መለሱልን። ቀለም ቀብተዋቸዋል፤ በእያንዳንዱ ጎን «ኃይለየሱስ ኮሌጅ» ተብሎ ተጽፏል። ሽመክትን በዚያ ላይ ተቀምጠን አለቀስነው።

አንድ ለቀስተኛ ጽሑፉን አነበበና «ኃይለየሱስ ደግ ሰው ናቸው! ለለቅሶ እንኳ አግዳሚ ይሰጣሉ» አለ።

የሽመክት ሚስት የሺአረግ ይህን ስትሰማ ከአግዳሚው ተነሥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።