ሻርኩ ገመድ ነበረው

ሰውየው የሞተ ዕለት በርበሬ እየመዘንኩ ነበር። እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ካለችው ሱቄ ጥግ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድንገት ነጭ ጢሙንና ፒፓውን አመጣብኝ። የባሕር ሆድ መርማሪ፣ የዓሣ ወዳጅ፣ ለዓለም የውኃውን ሥር ያሳየ ታላቅ ሰው አረፈ ይላል ዜናው። በርበሬ የምትገዛው ሴትዮ «ምስኪን፣ ነፍስ ይማር» አለች። «አሜን» ማለት ነበረብኝ። «ኮረሪማስ አትፈልጊም?» አልኳት።

ማሞቂያው አጠገብ የተቀመጡት ጋሼ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ሬሳው በሱቄ መሃል የሚያልፍ ይመስል፣ ዜናው እስኪያልቅ ቆሙ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና «ጌታዬ ሞተ» አሉኝ።

የእርስዎ ጌታ፣ የኔ ደመኛ፣ አልኩ በሆዴ።

ጋሼ የጉለሌ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ወጥ ቤት ሆነው ምጽዋ ተመደቡ። ፈረንጁ ፊልም ሊያነሳ ነጭ መርከቡን ይዞ ቀይ ባሕር ሲመጣ በውሰት ተሰጡት፤ ያበስሉለታል፣ ከአገሬው ጋርም በተሰባበረ ጣልያንኛና ዓረብኛ ያግባቡታል። በስተርጅና ሞንትቤሎ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ልጃቸው ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ እኔ ሱቅ ድሮፕ ታደርጋቸውና ማታ ትወስዳቸዋለች። በመሃል ያለውን ቀን ስለ ባሕርና ስለ ጌታቸው ሲያወሩ ይውላሉ። አላባረርኳቸውም። ወሬ የሚጥምበት ሱቅ ሰው ይገባበታል፤ የገባ ሰው ደግሞ ሌላው ቢቀር የስልክ ካርድ ሳይገዛ አይወጣም።

ችግሩ ወሬው ራሱ ነው። እኔ የምጽዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ጠላቂ ነበር፤ ከባሕር ወለል ሰደፍ ያወጣል፣ አዝራርና ጌጥ የሚሠራበትን ያንን የሚያብረቀርቅ ዛጎል። የዚያ ሥራ ደንብ ቀላል ነው። አንዱ ይጠልቃል፣ ሌላው ታንኳ ላይ ሆኖ ገመዱን ይይዝለታል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ገመድህን የሚይዝልህ ሰው ከሌለ ጠላቂ አይደለህም፣ ዋናተኛ ነህ።

ፈረንጁ አባቴን ቀጠረው። አባቴም ደሴቶቹን እየዞረ፣ ዓሣው የሚሰበሰብበትን፣ ዐለቱ የሚያምርበትን ሁሉ አሳየው። በፊልሙ ውስጥ ግን የአባቴ ድርሻ የዓይን ጥቅሻ ታህል ናት። ወለሉ ላይ ዛጎል ሲለቅም ከወዲያ ጨለማ ሻርክ ብቅ ይላል። አባቴ ዘንቢሉንና ቢላዋውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። ፈረንጁ ባለበት ቆሞ የሻርኩን አፍንጫ እንደ ድመት ይዳስሳል። አለቀ። ፊልሙ ምጽዋ መጥቶ በነጭ ግድግዳ ላይ ሲታይ የባሕር ኃይል ልጆች በሣቅ ፈነዱ። በማግስቱ ለአባቴ ስም ወጣለት፤ ፈርጣጩ።

ስም ሰው ባይገድልም ያስርባል። ባሕር ጓደኛውን ጥሎ የሸሸን አይረሳም ይላሉ ጠላቂዎች። ገመዱን የሚይዝለት ሰው ጠፋ። የሱን ገመድ ሲይዙ የኖሩት እንኳ ጠዋት ታንኳቸውን እየገፉ «ዛሬ ሞልተናል» ይሉት ነበር። አባቴ ጨው ማምረቻ ገብቶ፣ ባሕሩን በሩቁ እያየ፣ እስኪሞት ድረስ ጨው ዛቀ። አንድ ቀን ብቻ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት። «ሻርኩ እኮ ገመድ ነበረው። መርከቡ ሥር አስረውታል። ‹ስታየው ሽሽ፣ ለፊልሙ ነው› አሉኝ፣ ሸሸሁ።»

ማን ይመስክርለት? ሻርኩን ያሰሩት መርከበኞች ከጌታቸው ጋር ሄደዋል። ሰውየውም ስሙ እየገነነ ሄደ፤ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ጻፈ፣ ኋላም የባሕር ጠበቃ ሆኖ ኮራሉን አትንኩ እያለ በየአገሩ ይሰብክ ጀመር። ለካሜራው መንገድ ሲጠርግ ያን ኮራል በመርከብ ሰንሰለት ያስገነጠለው እሱ ነው። አባቴ ያንንም አይቷል።

ካዩት ሰዎች አንድ ቀርተዋል። እሳቸው ደግሞ የኔን ማሞቂያ ይሞቃሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩም ያውቃሉ።

አንድ ቀን ሰው ሲወጣልን፣ «ጋሼ፣ ያ ሻርክ የታሰረ ነበር ወይ?» አልኳቸው።

«አይ፣ የፈርጣጩ ልጅ መሆንህን ማን ይክድሃል!» ብለው ሣቁ። ከዚያ ሣቁን ዋጡትና ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ የተጨማደደ ጠባሳ ነው። «ዘይት ተገልብጦብኝ በየቀኑ በገዛ እጁ ያጠበልኝ፣ የጠቀለለልኝ እሱ ነው። ባሕር ኃይሎቹ ሌላ ወጥ ቤት እንስጥህ ቢሉት እንቢ አለ። ስለሱ ክፉ አታናግረኝ።»

ምን ይባላል? የእሳቸውን እጅ አዳነ፣ የአባቴን ገመድ በጠሰ። የረዳው ሰው ያመሰግነዋል፣ የረገጠው ሰው ይረግመዋል፤ ዓለም ደግሞ የሚሰማው ማይክ የያዘውን ነው።

የአባቴ ቅጽል ስምም ውቅያኖስ ተሻግሮ ኦሮራ ገብቶ ነበር። ለዚህ የማመሰግነው ጋሼን ነው። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁት ታክሲ ነጂዎች ሳይቀሩ «ጤፉን ከየት አመጣኸው?» ሲባባሉ «ከፈርጣጩ ልጅ» ይላሉ። አባቴን አንዳቸውም አያውቁትም። ጨው ሲዝቅ የኖረ ሰው፣ ከሞተም በኋላ በማያውቃት ኮሎራዶ ይሸሻል።

ዴንቨር ባሕር የላትም፣ ጠላቂ ግን ሞልቷታል። ክረምቱን ዋና ገንዳ ውስጥ ሲለማመዱ ከርመው በዓመት አንዴ ወደ ሞቃት ባሕር የሚበሩ ሰዎች ማኅበር አላቸው። ከነሱ አንዱ፣ ሽበቱን እንደ ፈረስ ጭራ ያሰረ ሰውዬ፣ እርድ ሊገዛ ሱቄ ገባ። ጋሼም ለገባ ሁሉ የሚያሳዩትን፣ ከጌታቸው ጋር መርከብ ላይ የተነሱትን ፎቶ አሳዩት። ሰውዬው እርዱን ረሳው። ከታላቁ ሰው ጋር የኖረ ሰው! እዚህ ኦሮራ! ለመታሰቢያው ፕሮግራም መጥተው ይናገሩልን ብሎ ለመነ። የጋሼ እንግሊዝኛ ከ«ሃው አር ዩ» አያልፍም።

«አስተርጓሚ ይኖር ይሆን?» አለ።

«አለ» አልኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በመኪናዬ መሃል ዴንቨር ወሰድኳቸው። ነርሲንግ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ከኋላ ተቀምጣለች። እሷን ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም። ሱቅ ስትመጣ በአማርኛ ስጠይቃት የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ፣ አማርኛ የማትሰማ መስሎኝ ነበር። እኛ ወላጆች ሁላችንም እንዲህ ነን፤ የማይመልስልን ልጅ የማይሰማን ይመስለናል።

አዳራሹ ሞልቷል። የሰውየው ትልቅ ፎቶ በአበባ ተከቧል። ጋሼ ሱፋቸውን ለብሰው ማይኩ ፊት ቆሙ፣ እኔ አጠገባቸው።

«ጌታዬን የማውቀው እንደ አባት ነው» አሉ ጋሼ።

«ይህን ሰው በቅርብ አውቀዋለሁ፣ ዛሬ እውነቱን ልነግራችሁ መጣሁ ይላሉ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«ባሕር ሲወርድ ፍርሃት የሚባል አያውቅም።»

«ሻርኩ ገመድ ነበረው ይላሉ።»

አንድ ወንበር ተንቋቋ።

«ያ ሻርክማ! አፍንጫውን ሲዳስሰው፣ በጀልባዋ መስታወት ወለል በኩል በዓይኔ አይቻለሁ!»

«መርከቡ ሥር አስረነው ነበር። አንድ ጎበዝ ጠላቂ እንዲሸሽ ታዘዘ፣ ሸሸ። በዚያ የተነሳ እንጀራው ተዘጋ፣ ስሙም ጠፋ ይላሉ።»

ጋሼ ሽሽቱን በእጃቸው እያሳዩ ከት ብለው ሣቁ። እኔም «ሐዘኑ ሲበዛባቸው እንዲህ ያስቃቸዋል» አልኩ።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ነጋዴ ነኝ፤ የተመዘነው ላይ ምራቂ ማድረግ ለምዶብኛል። የኮራሉን ሰንሰለት ጨመርኩ። ጋሼ ይህን ባሰቡ ቁጥር እንደሚያለቅሱ ጨመርኩ። የጠላቂውን ቤተሰብ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንደሚጠይቁም አስመሰልኩ። ባለፈረስ ጭራው ፊቱ ልክ እንደ ሰም ሆኖ ተነሳና፣ ገመዱን በገዛ ዓይናቸው አይተዋል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ጌታዎ በእውነት ታላቅ ሰው ነበሩ ወይ ይላል።»

ጋሼ እንደ አገራችን ሽማግሌ ሁሉ አፋቸውን ለቃል አላደከሙም። ትንፋሻቸውን ሰርቅ አድርገው ወደ ውስጥ ሳቡ። ለኛ አዎ ነው፣ ያውም የማያወላዳ አዎ። ለፈረንጅ ግን ጩቤ የተሰካበት ሰው ድምፅ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠች አሮጊት አፏን በእጇ ያዘች። ሰውዬው እርግጠኛ ናቸው ወይ አለ። እርግጠኛ ነዎት ወይ አልኳቸው። በመጠርጠራቸው ተናደው ከፊተኛው የባሰ ትንፋሽ ሳቡ። ውኃ አመጡላቸው።

ስንወጣ ሰዉ እየተሰለፈ አቀፋቸው። በሩ ላይ ሁለት የማኅበሩ አባላት ተፋጠዋል፤ አንዱ ባሕርን ያስወደደኝ እሱ ነው ይላል፣ ሌላው ታዲያ በውሸት ነዋ ይለዋል። ፎቶው እንዲወርድ የሚፈልጉና የማይፈልጉ አበባውን መሃል አድርገው ይከራከራሉ። በሙት አይደሰቱም ይባላል። እኔ ፓርኪንጉ ድረስ እያፏጨሁ ሄድኩ።

ሞንትቤሎ ልንደርስ ስንል ጋሼ «አየህ? አስለቀስኳቸው!» አሉ።

ከኋላ «ቴል ሂም» የሚል ድምፅ መጣ። «አይ ሄርድ ኤቭሪቲንግ። ቴል ሂም፣ ኦር አይ ዊል።»

ሁሉን ሰምታለች፤ ካልነገርኳቸው ልትነግራቸው ነው። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩ።

«ጋሼ፣ ገመዱ ተነገረ» አልኩ።

«የቱ ገመድ? ማን ተናገረ?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። በእንግሊዝኛ።»

«ሌላስ ምን አልኩ?»

«አለቀሱ።»

«እኔ አላለቀስኩም!»

«በእንግሊዝኛ አልቅሰዋል።»

የልጅ ልጃቸው ሣቋን ለመያዝ መስኮቱን ስታይ በመስታወት አየኋት። ጋሼ ግን ወደኔ ዞሩ። «አንተ ባለጌ! የሞተ ሰው ይከሰሳል?»

«የኔም አባት ሞቷል ጋሼ። እርስዎ ግን ሱቄ ተቀምጠው፣ ማሞቂያዬን እየሞቁ፣ በየቀኑ ሲከሱት ይውላሉ።»

«ቀልድ ነው እንጂ ክስ ነው?»

«እሱ ጨው ሲዝቅ አልሣቀም።»

የነዳጅ ማደያው መብራት ዕድሜያቸውን ሁሉ ፊታቸው ላይ አውጥቶታል። «ገመዱማ ነበረ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «መርከቡ ሥር፣ መሪው ላይ ነው የታሰረው። ሲታሰርም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን?»

«ማን ጠየቀኝ? ሰው የሚፈልገው ሻርኩን ነው። ገመድ ያለው ሻርክ ማን ያዳምጣል? እጄን ያዳነልኝን ሰውስ በምን አፌ ላዋርደው?» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ገመዱን እሺ። ልቅሶውን ግን አልምርህም። በሰው አገር፣ በሰው ፊት፣ እኔን የጉለሌውን ልጅ!»

አልማሩኝምም። በማግስቱ ማዶ ካለው ተቀናቃኜ ሱቅ ሄደው ተቀመጡ። ደንበኛም ወሬም ይዘውብኝ ሄዱ። እዚያ ሆነው ያደረግኩባቸውን ለገባ ለወጣው ይነግራሉ፤ ኤርፖርት የሚጠብቁት ታክሲ ነጂዎች ደግሞ ከደረሳቸው ወሬ በላይ አስረዝመው ያወሩታል። ሳምንት ሳይሞላ ስም ወጣልኝ፤ ቱርጁማኑ፣ አስተርጓሚው እንደማለት።

«ቱርጁማኑ፣ ሚስቴ ተቆጥታለች፣ እባክህ መጥተህ አልቅስልኝ!» ይለኛል አንዱ ካርድ ሲገዛ።

«ቱርጁማኑ፣ ፖሊስ ትኬት ሊሰጠኝ ነው፣ ትንፋሽ ልሳብ?» ይላል ሌላው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝና ቂሜን ራሱን መሣቅ አማረው። በኔ ለመሣቅ ልቅሶው መነገር አለበት። ልቅሶው እንዲገባ ደግሞ ገመዱ ቀድሞ መነገር አለበት፤ ያለ ገመዱ ቀልዱ ቀልድ አይሆንም። እኔን ለማዋረድ የሚነሳ ሁሉ አባቴን ነጻ ሳያወጣ መድረሻ የለውም። የፈርጣጩ ልጅ የሚለኝም ጠፋ። ሰው ለአንድ ሰው ሁለት ስም ሲጠራ አይደክምም?

ክረምቱ ሲገባ ጋሼ ተመለሱ። የማዶው ሰው ማሞቂያ ይቆጥባል አሉኝ። ይቅርታ አልጠየቁም፣ አልጠየቅኳቸውም። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፣ ከቶርንተን ሽሮ ሊገዛ ለመጣ አንድ ጎልማሳም ወሬውን ከሥሩ ጀመሩለት። ገመዱ ጋ ሲደርሱ ሰውዬው አቋረጣቸው።

«ጠላቂውስ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ሽሽ አሉት፣ ሸሸ» አሉ ጋሼ፣ ወደኔ ሳያዩ። «አንተ ብትሆን የታዘዝከውን አትሠራም? ጎበዝ ጠላቂ ነበር። አሁን ወደ ቱርጁማኑ ልምጣልህ።»

ሰውዬው ገና ሳይነገረው እኔን አይቶ መሣቅ ጀመረ። እስኪበቃው ይሣቅ ብዬ ሽሮውን መዘንኩለት።