ቃል የሚውጡ ዘፋኞች

ከወንድሜ ጋር ያልተጣላንበት ነገር የለም ብል አላጋነንኩም። በሽሮ ጨው ተጣልተናል። በበር ቁልፍ ተጣልተናል። አንዴ ጥላ ያለበት መንገድ የትኛው ነው ብለን ተኮራርፈን፣ እሱ በአንዱ እኔ በሌላው ሄደን፣ ላብ በላብ ሆነን እቤታችን በር ላይ ተገናኝተናል። እንደ ዘፈን ግን ያጣላን ነገር አልነበረም። እሱ ዘፈን ሞቷል ይላል፣ እኔ አልሞተም እላለሁ። የካርቱሙ ዴም ሰፈር ጎረቤቶቻችን ድምፃችን ከፍ ሲል ምሳ ደረሰ ይሉ ነበር።

ጋሼ ነው የምለው። እናታችንን ከቀበርን በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ካርቱም ቀድሞኝ ገብቶ እኔንም በመተማ በኩል ያስመጣኝ እሱ ነው። ዴም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን በኮምፖርሳቶ ለሁለት ከፍለናት ነበር። በዚህ በኩል እኔ ምግብ እሸጣለሁ፣ በዚያ በኩል እሱ ዘፈን። መጀመሪያ ካሴት ነበር የሚሸጠው። ካሴት የሚገዛ ሲጠፋ በኮምፒውተር ፍላሽ ላይ እየገለበጠ ረክሻ ለሚሉት የባጃጅ ነጂዎች መስጠት ጀመረ። ለሠርግም ስፒከርና ሚክሰር ያከራያል፤ የሐበሻ ሠርግ ቢሆን የሱዳን፣ መሣሪያውን ተክሎ ድምፁን የሚቆጣጠረው ራሱ ነው። ዘፈኑ በኮምፖርሳቶው እያለፈ ከወጤ ጋር ይንተከተካል። ካርቱም የኖርኩት እንዲህ ነው።

«የድሮ ዘፋኝ እኮ ቃሉን አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጥልሽ» ይለኛል። «ያሁኖቹ ይውጡታል። ምን እንዳለ ሳይታወቅ ያልፋል። የሚተርፍሽ ድብ ድብ ብቻ ነው። ዘፈን ነው ወይስ ሰውዬው ግድግዳ እያፈረሰ ነው?»

እኔም ዝም አልልም። ድሮም መናኛ ዘፈን ነበረ፣ ማንም ካሴቱን ስላላስቀመጠው ነው የተረሳው እለዋለሁ። አንድ ቀን ይሄን ስለው እየሳቀ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ያልተሸጡ፣ ማንም ያልፈለጋቸው የድሮ ካሴቶች ናቸው።

«ማን አላስቀመጠውም? እኔ አስቀምጬዋለሁ። መናኛ ነው፣ አዎ። ግን ቃሉ ይሰማል!»

ይህን ሰው እንዴት ይከራከሩታል?

አጋዥም ነበረው። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ በጉብዝናቸው ዑድ እየደረደሩ በየሠርጉ የዘፈኑ፣ ከዓሱር ሶላት በኋላ መጥተው ጋሼ ጎን ይቀመጣሉ። የእነሱም የእኛም ዜማ ሥሩ ስለሚቀራረብ ሽማግሌው አማርኛ ሳያውቁ በአማርኛ ዘፈን እንባቸው ይመጣል፤ ጋሼም በእሳቸው። ሁለቱ ሆነው የዘመኑን ዘፋኝ ሁሉ ያሙታል። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ወንድምሽ ሐቅ ነው የሚናገረው» ይሉኛል፣ የእኔን በሶ እየጠጡ።

አብዮቱ ሲመጣ እኛ አንገታችንን ደፍተን ነበር። የሰው አገር ነው፣ ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ማኅተም የሚጎድለው ዓይነት ነው። ፕሬዚዳንቱ ከወረዱ በኋላ ግን ሕዝቡ ከጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት እንደተቀመጠ አልነሳም ሲል፣ ዴም ውስጥ ቤቱ የቀረ ሰው ጠፋ። እኔም ምግብ ቤቴን ዘግቼ ጋሼን እጁን ይዤ ጎተትኩት። ዘፈን ሞቷል የሚለውን ሰው ዘፈን ወዳለበት ልውሰደው ብዬ ነው፤ እንደዚያ ዓይነት ዘፈን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከቡሪ በኩል፣ ከባሕሪ በኩል፣ ሰዉ እየዘፈነ ይመጣል። ግጥሙ ጠዋት ተገጥሞ ማታ ሁሉም አፍ ላይ ነው።

መድረክ ላይ አንዲት ልጅ ወጣች። ያለ መሣሪያ ነበር የምትዘፍነው፣ ስለ እናቷ ይመስለኛል፣ ስለ ወንድሟም። አጠገቤ የቆሙት ወንዶች አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

«ምን አለች?» አለኝ ጋሼ።

ነገርኩት።

«ምን?»

ጆሮው ላይ ተጠግቼ ደገምኩለት። ዓረብኛው ከእኔ በእጥፍ የሚሻል ሰው መሆኑ ያኔ አልታየኝም። እሱም ፊቱን አጨማዶ፣ «ታዲያ እንዲህ ከሆነ አፏን ከፍታ አትለውም? ይቺም ትውጠዋለች!» አለ። በንዴት ጥዬው ልሄድ ምንም አልቀረኝም። በዚህ ቀን እንኳ፣ አልኩ በልቤ፣ በዚህ ቀን እንኳ ነቀፌታውን እቤት ትቶ አይመጣም?

ያስታረቀን እዚያው አጠገብ ያለው የባቡር ድልድይ ነው። ወጣቶቹ ላዩ ላይ ወጥተው ብረቱን በድንጋይ ይቀጠቅጡ ነበር፣ ቀን ከሌት፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተካው። እኔን ራሴን አመመኝ። ጋሼ ግን ተጠግቶ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈና ፊቱ በራ። ሁለተኛ እጁንም ጨመረ። «ይሄ!» አለኝ። «ይሄ ነው ሙዚቃ! ይኸውልሽ!» እንሂድ ስለው እንቢ አለ። አሸነፍኩ አልኩ። የልጆቹን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ወደደልኝ ብዬ መንገዱን ሙሉ እየፎከርኩበት ተመለስን።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ዒድ ሊሆን ሲል አንድ ጠዋት ወታደሮች አደባባይ የተቀመጡትን በጥይት በተኗቸው። በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ፉል እየበላ፣ ከጋሼ ዘፈን የሚያስገለብጥ አንድ ረክሻ ነጂ ነበረ፤ ሳቂታ፣ ቡሪ የሚኖር። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም። የሄደበትን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፣ ዛሬም ሳህን ሳቀርብ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

ኢንተርኔትም ተቆረጠ። ያን ጊዜ ሰዉ ወደ ጋሼ ሱቅ ተመለሰ። የአደባባዩን ዘፈኖች ሰብስቦ ያስቀመጠ እሱ ነበር፤ እየነቀፈም ቢሆን ሰብስቧል። ፍላሽ ይዘው የሚመጡት አንዳንዶቹ የሞተ ሰው ድምፅ የሚፈልጉ ነበሩ፣ ጭብጨባው መሃል የወንድሜ ሳቅ አለበት የሚሉ። ጋሼ ደግሞ ዘፈን እንደመጣ አይሰጥም። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ድምፁን «ያጥራል»፤ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ቃሉ እንዲወጣ። የታወቀበት ሙያው ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ወስደው የሚመልሱ በዙ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይሄ ጆሮ ይበሳል» አለው አንዱ። «ተሳፋሪ ወረደብኝ።»

«ስፒከርህ ነው» አለው ጋሼ።

ሌላውም መጣ፣ እሱንም ስፒከርህ ነው አለው። ለእኔም በኮምፖርሳቶው በኩል የሚመጣው ድምፅ እንደ መጋዝ ይሰማኝ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አርጅቷል ብዬ ተውኩት።

በሽግግሩ ጊዜ፣ ለዳቦ ሰልፍ ለቤንዚን ሰልፍ በሆነበት ሰሞን፣ ሽማግሌው የመጨረሻ ልጃቸውን ዳሩ። መብራት ስለማይታመን ሐፍላው፣ የሠርጉ ጭፈራ፣ በቀን ይሁን ተባለ። መንገዱ ላይ ሲዋን የሚሉት ትልቁ ድንኳን ተተከለ፣ ጋሼ በክፍያ የማይሆን ሥራ ነው ብሎ ያለውን ስፒከር ሁሉ ደረደረ። መጀመሪያ አንድ ወጣት በኪቦርድ ዘፈነ፤ ጋሼ ከሚክሰሩ ጀርባ ሆኖ ጥርሱ እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጣምማል። ቀጥሎ ሽማግሌው ዑዳቸውን አስመጡ። ሰው ፊት ከዘፈኑ ዘመን አልፏቸዋል፣ ለልጄ አንድ ብቻ አሉ። ሲዋኑ ጸጥ አለ።

ሱዳኖች ዘፈን ሲገባቸው ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ዘፋኙ ወይም ወደ ሙሽራው ይሄዱና ክንዳቸውን ከፍ አድርገው ጣታቸውን ያስጮሃሉ፤ «አብሽር!» እያሉ፤ ደስ ይበልህ እንደማለት ነው። ጋሼ ለሽማግሌው ይህን ለማድረግ ስንት ጊዜ እንደተመኘ እኔ አውቃለሁ። በካሴት ብቻ ነበር የሰማቸው።

ሽማግሌው ጀመሩ። የደከመ ግን ንጹሕ ድምፅ ነበር፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆኜ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። ጋሼ ሚክሰሩ ላይ አንድ ነገር ከፍ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ደገመ። ስፒከሩ ማፏጨት ጀመረ፤ መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ከዚያ ጥርስ ውስጥ በሚገባ ጩኸት። ሕፃናት አለቀሱ። ሙሽራዋ ሒና በተቀባ እጇ ጆሮዋን ያዘች። ሽማግሌው ዑዱን አቁመው ወደ ስፒከሩ ዞሩ።

ጋሼ ሚክሰሩን ትቶ መጣ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ፣ በዚያ ፉጨት መሃል እየተወዛወዘ ጣቱን ያስጮሃል። «አብሽር! አብሽር!» ፈገግታው እንዲያ ሰፍቶ አይቼው አላውቅም። ጆሮውን ያልያዘ ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ እሱ ብቻ ነበር። ሰዉ አየው። ሽማግሌውም አዩት። ከዚያ ዑዳቸውን መልሰው ያዙና ከፉጨቱ ሥር መደርደራቸውን ቀጠሉ፣ ወዳጃቸው ያለ ዘፈን እንዳይጨፍር። እኔ ሮጬ ሚክሰሩን፣ ነክቼው የማላውቀውን ነገር፣ በእጄ የገባውን ሁሉ ወደ ታች ሳብኩት። ፉጨቱ ጠፋ።

በኋላ ሽቦ ስንጠቀልል ጋሼ አዝኖ ነበር። ሰዉ ሁሉ ዘፈን ሊያበላሽበት የተነሳ ይመስል ለምን እንደነካሁበት ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አየሽ?» አለኝ። «እሳቸውም መዋጥ ጀመሩ። እሳቸውም ቃሉን ይውጡታል።»

የያዝኩትን ሽቦ ጥዬ ስፒከሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት የተከራከርነው ስለ ዘፈን አልነበረም። ድብ ድቡ፣ የሚዋጠው ቃል፣ ድልድዩ ላይ በመዳፉ የሰማው ሙዚቃ፣ ሁሉም አንድ ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ ዘመን ከስፒከር ጎን የቆመ ጆሮ ቀስ እያለ ይዘጋ ነበር። ዘፋኞቹን በተሳደበ ቁጥር ሕመሙን እየነገረኝ ነበር፣ እኔም እሱም አላወቅንም። ጋሼ ከዘፈን ሌላ ሙያም ደስታም የለውም። ይህን ማን ይነግረዋል?

ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ማን ታሞ ነው አለኝ። ከዚያ ሠርግ በኋላ አዲሱን ዘፈን መንቀፉን ተወና የሚወዳቸውን ካሴቶች አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። ያስገባል፣ ትንሽ ይሰማል፣ ያወጣዋል። ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በአልኮል በነከረው ጥጥ ይጠርጋል፣ እንደገና ያስገባል። «የካርቱም አቧራ በልቶታል» ይላል። ከዚያ ያን ለዓመታት እንደ ዓይኑ የጠበቀውን ካሴት ከመናኛዎቹ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ይጥለዋል። ካርቶኑ እየሞላ ሄደ። ሽማግሌው አሁንም ከዓሱር በኋላ ይመጣሉ፤ መቀመጫቸውን ግን ከጎኑ አንስተው ፊት ለፊቱ አድርገዋል፣ ከንፈራቸውን እንዲያይ። በኮምፖርሳቶው በኩል ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ስንቴ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሽንኩርቱም ጠቅሞኛል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ አለና በሩን ተደግፎ ቆመ። እንደ ድሮው ሊተነኩሰኝ ሲፈልግ የሚያደርጋት ግማሽ ፈገግታ ነበረችው። ክርክሩ ናፍቆታል።

«ዘፈን ሞቷል» አለኝ።

ጠበቀኝ። ተመጋቢዎቹም ጉርሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ልለው የሚገባኝን አውቀው ነበር፣ ስንት ዓመት ያልኩትን። ግን የካርቶኑ ነገር ታየኝ። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ይበለው፣ ይህን ብለው የሚጎድልብኝ ነገር የለም፣ ልሸነፍለት አልኩ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተጠጋሁት፣ ድምፄንም ከፍ አደረግኩ።

«እውነትህን ነው ጋሼ። ዘፈን ድሮ ቀረ።»

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ከተወለድኩ ጀምሮ እውነትህን ነው ብዬው አላውቅም። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ሱቁ ገብቶ ቴፑን አጠፋው፤ ሲዘፍን እንደነበር እንኳ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ተመልሶ መጣና እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ይሄ ነው፣ አይደል?» አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

ከሠርጉ ቀን አልኩት። ዓይኑን ከንፈሬ ላይ ተክሎ መጠበቁን ቀጠለ። ለካ በሹክሹክታ ነው የተናገርኩት። ተመጋቢው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩለት።