መጨረሻ ያጠጡ የነበሩት አያቴ

አላህ ይዘንላቸውና፣ አያቴ በአምባሰል ግርጌ ባለው መንደራችን የውሃ አባት ነበሩ። የወንዙን ውሃ ለመስኖ በተራ ያካፍላሉ፤ የራሳቸውን ማሳ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ያጠጡ ነበር።

ዝናቡ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲሄድ ወንዙ ቀጠነ፤ ውሃውም እሳቸው ጋ ሳይደርስ ያልቅ ጀመር። ብርቱካናቸው ሲጠወልግ እናቴ፣ «አባዬ፣ ዘንድሮ እንኳ ቀድመው ያጠጡ» ብላ ለመነቻቸው።

«እኔ ከቀደምኩ ማንን ተራህን ጠብቅ ልል ነው?» አሏት።

ከላይ ያለው ጎረቤት ግን ያለ ተራው በሞተር ይስብ ጀመር። ሊከለክሉት ሲሄዱ፣ «አባባ፣ የእርስዎ ዳኝነት ወንዙ ሙሉ ሳለ ነበር» ብሎ በሰው ፊት መለሳቸው። የደረቀውን ብርቱካን በገዛ እጃቸው ቆርጠው ለማገዶ ከመሩት። በዚያው ሰሞን ታመው ሳይነሱ ቀሩ።

ጀናዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ያ ጎረቤት ነበር። በእሳቸው ቦታ እስከ ዛሬ ማንም አልተመረጠም፤ የሚካፈል ውሃ የለም።