ሁሉንም ተካ

ቡራዩ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ለእያንዳንዷ ነገር ማውስ ሲይዙ ሳይ ትዕግሥት አጣለሁ። ኮንትሮልን ይዞ ሲን መጫን ይቀዳል፤ ቪ ይለጥፋል፤ ዜድ የተሳሳቱትን ይመልሳል። ከሁሉም የምወደው ግን ኮንትሮል ኤች ነው። የሚጠፋውን ቃል በአንዱ ሳጥን፣ የሚገባውን በሌላው ትጽፋለህ፤ «ሁሉንም ተካ» ስትለው ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች በቅጽበት ይለወጣል።

የባልደረባዬ አባት አርፈው ሱሉልታ ለቅሶ ስሄድ ላፕቶፔን ይዤ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እሷ በስልኳ ጽፋዋለች፤ የእኔ ሥራ አስተካክሎ ማሳተም ነው። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠን ሳነብላት አጎቷ፣ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ከኋላችን ቆመው ያዳምጡ ኖሯል።

«አባቴ ገበሬ ነበር? ነበር?» አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድሜ እኩያሽ ነው እንዴ?»

«አጎቴ፣ እሱ ራሱ ነው አንተ በይኝ ያለኝ። አንቱ ስለው ያኮርፋል።»

«እቤት ነዋ! ሕዝብ ፊት ግን አንቱ ነው። አንተ ባርሲሳ፣ መምህር አይደለህ? አስተካክለው።»

«በራሴ አፍ ልሰናበተው ፈልጌ ነበር» አለች። ስልኳንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ግሶቹን አንድ በአንድ ለወጥኩ፤ «አረሰ» የሚለውን «አረሱ»፣ «አስተማረኝ» የሚለውን «አስተማሩኝ» አደረግኩ። የቀሩት «ነበር» እና «ነው» ብቻ ናቸው፤ ገጹን ግን ሞልተውታል።

«ጋሼ፣ እያየሁ ልቀይራቸው ወይስ በአንዴ?»

«በአንዴ ነው እንጂ! ካህናቱ መጥተዋል እኮ።»

ኮንትሮል ኤች። «ነበር» በ«ነበሩ»፣ «ነው» በ«ናቸው»። ሁሉንም ተካ።

«ያ ዋቅ! አምላኬ!» አሉ አጎትየው፣ ስክሪኑን አፍጥጠው እያዩ። «ይሄ ነገር እርሻም ይችላል?»

እኔም ኮራሁ። መንገድ ማዶ ካለው ኮፒ ቤት አሳትሜ ስመለስ አስከሬኑ ወጥቶ ነበርና ወረቀቱን ሳላነበው በእጃቸው አስያዝኳቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ አጎትየው በእሷ ፈንታ ሊያነቡ መነጽራቸውን አድርገው በጠራ ድምፅ ጀመሩ። «አባቴ ገበሬ ነበሩ።» ጥሩ ነው። «ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።» በጣም ጥሩ ነው። ከዚያ «ጥቁሩ በሬያችን ታዛዥ ነበሩ» ሲሉ አንድ ሰው ሳል ያዘው። እኔ ክው አልኩ።

«ውሸት በቤታችን… ናቸውር ናቸው።»

ቆሙ። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ «ነውር» በሆዱ «ነው»ን ይዟል፤ ማሽኑ ደግሞ ቃል አያውቅም፣ የፊደል ሰልፍ ብቻ ነው የሚያየው። ይህንን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ! ከዚያ የመጨረሻው መስመር ትዝ አለኝ። ለአባት አንቱ ይባላል። ለእግዚአብሔር ግን አይባልም፤ አንድ ነውና። ወደ ፊት ልራመድ ብል ሕዝቡ እንደ ግንብ ቆሟል። ወረቀት ደግሞ ኮንትሮል ዜድ የለውም።

«እግዚአብሔር ቸር ናቸው» አሉ አጎትየው፣ አፋቸው እያመነታ።

ቄሱ ከመቋሚያቸው ቀና አሉ። «ናቸው? ስንት ናቸው?»

የሚያለቅሱት ሁሉ ወደ ወረቀቱ ዞሩ። አጎትየው ደም የለበሱ ዓይኖቻቸውን ወደ እኔ አነሱ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚህ መሃል እሷ ሰዉን ገፍታ ወጣች። ስልኳን ከቦርሳዋ እያወጣች «አጎቴ፣ ይተዉት» አለችና አጠገባቸው ቆመች።

«አባቴ ገበሬ ነበር» ብላ ጀመረች። «አንቱ ስለው ያኮርፋል። አንተ ስለው ይስቃል።» ይህ የአንቱና የአንተ ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ስልኳም ላይ አላየሁትም። በሬውም ታዛዥ ነበር፤ ውሸትም ነውር ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። አጎትየው የኔን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሊያቋርጧት ነው ብዬ ፈራሁ።

«እግዚአብሔር ቸር ነው» ብላ ጨረሰች።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎትየው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሬሳ ሣጥኑ ዞሩ።

«ነው» አሉ። «በል ሂድ፣ ወንድሜ። አንተ።»