ጨው የነሰነስኩበት በረዶ

አባቴ የስኳር በሽታ ይዟቸው መርፌ የጀመሩ ጊዜ፣ እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። እናቴ ካረፈች ቆይታለችና ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነው። አባቴ በአንድ ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ማኅሌት ይመራሉ፣ ድጓ ያስተምራሉ። ቤታችን ውስጥ የሚጮኽ ካለ እኔ ነኝ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነበር።

መርፌ መውጋት ያስተማረችኝ የሆስፒታሉ ነርስ ናት። መጀመሪያ ብርቱካን አስወጋችኝ። ብርቱካኑን ወንፊት ካደረግሁት በኋላ «በይ አሁን አባትሽን» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ጠያቂ ነኝ፤ ጥያቄ አወረድኩባት። ለምን ከቆዳ ሥር ይወጋል? ለምን ወተት ይመስላል? ለምን ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል? ነርሷ ትዕግሥቷ አለቀና «ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፤ በቃ!» ብላ ሸኘችኝ። ሙቀት ካልወደደ ብርድ ይወዳል፤ ብርድ ከወደደ ደግሞ የባሰ ብርድ የባሰ ይስማማዋል ብዬ ደመደምኩ። ለእኔ ሒሳቡ ቀላል ነበር።

ፍሪጅ የለንም። ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገብቼ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልቼ፣ ጓዳ ውስጥ አስቀመጥኩ። መድኃኒቱ ከትንሿ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔ ጧትና ማታ አሸዋውን ውኃ አጠጣለሁ። አባቴ ሲያዩኝ «ምነው፣ ምን ተክለሽ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። በዚያ ጊዜ ደኅና ነበሩ። ይቆማሉ፣ ይዘምማሉ፣ ተማሪ ይቆጣሉ።

ከዚያ መድኃኒቱ ከጎንደር ጠፋ። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ሳምንት አለፈ። ደግነቱ መሥሪያ ቤታችን በየጥቂት ወሩ አንድ ሰው ሪፖርት አስይዞ አዲስ አበባ ይልካል። መንገዱ ኬላና ጦርነት ስለበዛበት ሰውየው የሚሄደው በአውሮፕላን ነው። አለቃዬን ለምኜ፣ አልቅሼም፣ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ አፈ ሰፊ ፔርሙስ ከጎረቤት ተውሼ፣ ከአዘዞ አውሮፕላን ጣቢያ ተነሣሁ።

አዲስ አበባ መድኃኒቱን አገኘሁ፤ አራት ብልቃጥ። የቀረው በረዶ ነው። አንድ አይስክሬም የሚሠሩ ሽማግሌ ሱቅ ገብቼ በረዶ እንዲሸጡልኝ ለመንኳቸው። እየሰጡኝ ሳለ ሥራቸውን አየሁ፤ በረዶው ላይ ጨው ይነሰንሳሉ። ዝም ብዬ አላልፍማ! «ጨው ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«በረዶው ይበረታል» አሉኝ። «አይስክሬሙን ድንጋይ የሚያደርገው ጨው ነው።»

ወይ እውቀት! ከሱቁ ወጥቼ ግማሽ ኪሎ ጨው ገዛሁ። ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በረዶው መካከል ቀብሬ፣ ጨዉን ከላይ ነሰነስኩት። ጎንደር ደርሼ ፔርሙሱን ስከፍት ብልቃጦቹ ከበረዶው ጋር ተጣብቀው በማንኪያ ፈልቅቄ ነው ያወጣኋቸው። እጄን አቃጠሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። «እዩልኝ አባባ፣ በዚህ ሁሉ አገር ላይ በርሬ እንደዚህ አድርጌ አመጣሁልዎ!» አልኳቸው። «ሸጋ ነው ልጄ፣ ተባረኪ» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ መድከም ጀመሩ። ውኃ አይጠግቡም። አንድ እንስራ ለሁለታችን ሦስት ቀን ይበቃን የነበረው አሁን ባንድ ቀን ያልቃል። ማኅሌት ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆሙ የነበሩት ሰውዬ ግድግዳ ይፈልጉ ጀመር። ሆስፒታል ስወስዳቸው ነርሷ ሽንታቸውን ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በብርጭቆ ቱቦ አድርጋ እሳት ላይ ታፈላዋለች። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ደኅና ነው፤ ወደ ሸክላ ቀለም ከተለወጠ ስኳሩ በዝቷል። የአባቴ ጡብ መሰለ።

«ምን ይበላሉ?» አለች ነርሷ።

«የምሰጣቸውን» አልኩ።

«ከቤት ውጭስ?»

ይቺ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። የመሪጌታ ኑሮ ይታወቃል፤ ዛሬ ክርስትና፣ ነገ ማኅበር፣ ከነገ ወዲያ ተዝካር። መሪጌታ የተጠራበት ቤት ደግሞ ጠላው አይደለም የሚቀርብላቸው፤ ማሩ ተበጥብጦ ብርዙ ነው። መድኃኒቱን እንደሆነ ድንጋይ አድርጌ ነው ያመጣሁት። እኔን ማን ይጠርጥረኝ? ተጠርጣሪው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከማኅበር ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኋቸው። «አባባ፣ እስቲ እፍ ይበሉብኝ» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

«እፍ ይበሉ።»

ያ የሚከበር ሰው፣ ተማሪው ሁሉ ጉልበቱን የሚስመው ሰው፣ ልጁ ፊት ቆሞ እፍ አለ። ሸተተኝ። ጣፋጭ፣ መፍላት የጀመረ ማር የመሰለ ሽታ። ደሜ ፈላ። «ጠጥተዋል!» አልኩ። «አልጠጣሁም፤ መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው» አሉ። «እኔ አፍንጫ የለኝም?» ብዬ ጮኽኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ምርመራ ሆነ። የጋበዟቸውን ሴቶች ገበያ ላይ አስቁሜ ምን እንዳቀረቡላቸው እጠይቃለሁ። አልጠጡም ሲሉኝ ተነጋግረው ነው እላለሁ። ሽታው አለ፤ ቤት በዋሉ ቀንም አለ። ስለዚህ ሌላ ጥርጣሬ ጨመርኩ፤ ጓዳ ውስጥ ማር ደብቀዋል! ጓዳውን ገልብጬ ፈተሽኩ፤ የድጓ መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ ሳይቀር አወጣሁ። ምንም አላገኘሁም። አባቴ መጀመሪያ ይምሉ ነበር፤ ኋላ መማሉን ተዉት። ዝም ሲሉኝ አመኑ ብዬ ባሰብኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ እንደ መጀመሪያው በበረዶና በጨው ጠቅልዬ አመጣሁ። እንዲያውም ጨው ጨመርኩ። አባቴ እየከሱ ሄዱ።

ሦስተኛው ጉዞ ነሐሴ ላይ ነበር። አዲስ አበባ አውሮፕላን ጣቢያ ፈታሹ ወታደር ፔርሙሱን አስከፈተኝ። ነጩን ዱቄት አይቶ ቅንድቡን አነሣ።

«ይህ ምንድነው ጓድ?»

«ጨው።»

«ጨው በረዶ ላይ ምን ይሠራል?»

«በረዶው እንዲበረታ ነው።»

«እኛ ቤት ጨው ወጥ ውስጥ ነው የሚጨመረው» አለና በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰው። ጨው ነው። ተሳቀ። ፈታሹም ሳቀ፤ ግን የፔርሙሱን ታች ማየት አለብኝ አለ። መድኃኒት ነው ብል፣ አባቴ ይሞታሉ ብል፣ ወረቀት ባሳየው፣ ወይ ፍንክች! በረዶዬን ከነጨዉ ባልዲ ውስጥ ገለበጠው። ብልቃጦቹን አገላብጦ አይቶ «መልካም ጉዞ» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ በረዶ የምፈልግበት ጊዜ የለም፤ ሰዉ እየገባ ነው።

ባዶ ፔርሙስ ታቅፌ ተሳፈርኩ። ባሕር ዳር ስናርፍ አብራሪው ጎንደር በደመና ተሸፍኗል፣ እስኪገለጥ እንጠብቃለን አለ። የባሕር ዳር ሙቀት! ሻይ ቤቱ ገብቼ በረዶ ብላቸው አዩኝ። ነጠላዬን በውኃ ነክሬ ብልቃጦቹን ጠቀለልኳቸው፤ ነፋስ የሚመጣበትን አቅጣጫ እየፈለግሁ ያንን ጥቅልል ይዤ ሜዳው ላይ ቆምኩ። አጠገቤ የቆመ ወታደር «ሕፃን ነው?» አለኝ። ነጠላው ይደርቃል፣ እንደገና እነክራለሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ተነሣን። አዘዞ ስንደርስ ብልቃጦቹ እንደ ሰው እጅ ለብ ብለዋል። አለቀ አልኩ፤ አባቴን ገደልኳቸው። በታክሲ ውስጥ እንባዬን እያፈሰስኩ ቤት ገባሁ።

ከቀድሞው መድኃኒት የቀረውን ቆጥቤ ወጋኋቸው። እሱ ሲያልቅ ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ፣ የሞተ ነው ብዬ ያዘንኩበትን ለብ ያለውን በፍርሃት ወጋኋቸው። ሌሊት ውኃ ፍለጋ ሲነሡ ይቀሰቅሱኝ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ነግቶ ስነቃ እንስራው አልጎደለም። ደንግጬ ሮጥኩ፤ ተኝተዋል። በሳምንቱ ምግብ አማራቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተማሪ ሲቆጡ ከደጅ ሰማኋቸው። እፍ አስባልኳቸው፤ ሽታው የለም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ነገሩ ከነከነኝ። በበረዶ ያመጣሁት ለምን አልሠራም? ሙቀት የመታው ለምን ሠራ? ያለቀውን የድሮ ብልቃጥና አዲሱን ጎን ለጎን ይዤ ወደ ብርሃን አወጣኋቸው። አዲሱን በመዳፌ ሳሸው ወተት ሆነ፤ እኩል፣ ልስልስ ያለ። የድሮው ግን ግድግዳው ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ተጣብቆበታል፤ እንደ ተቋጠረ ወተት። ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነርሷ ዘንድ ሮጥኩ።

ነርሷ የድሮውን አየችና «ይህ በረዶ ሆኖ ነበር?» አለችኝ።

«እንዴታ! ድንጋይ ነበር። ጨው ነስንሼበት!» አልኩ፤ አሁንም በኩራት።

«ጨው?» አለች። ቁጭ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይወዳል እንጂ በረዶ መሆን አይችልም፤ አንዴ ከረጋ ይሞታል። አንድ ቀን ለብ ማለት አይገድለውም። ሽታውንስ ብላት፣ እሱም የበሽታው ነው አለችኝ፤ ስኳሩ ሲበረታ የሰው ትንፋሽ እንደዚያ ይሸታል።

ከሆስፒታል እስከ ቤት እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠው ድጓቸውን ያነብባሉ። እግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጨዉን፣ በረዶውን፣ ሽታውን። «ይቅር ይበሉኝ አባባ» አልኩ።

መጽሐፉን ዘጉት። 

«እንግዲያ አልጠጣሁም?» አሉኝ።

 እየጠየቁኝ ነው፤ እውነት እየጠየቁኝ።

«አልጠጡም» አልኩ።

«ማሩንም አልበላሁም?»

«አልበሉም አባባ፣ አልበሉም!»

«ተመስገን» አሉ። «አንቺ አትዋሺም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ። እንዲህ አፍሽን ሞልተሽ ስትናገሪ የዋሸሁት እኔ መሆን አለብኝ አልኩ። በእንቅልፍ ልቤ ተነሥቼ ቀምሼ ይሆናል፣ ሕመሙ አስረስቶኝ ይሆናል ብዬ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ሳልበላ አልቀረሁም፣ ምዬም ክጃለሁ አልኳቸው። ለሁለት ወር በቀን አርባ ስግደት ሰጡኝ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፤ ከወራት በኋላ የቀልድ ድምፃቸው ተመለሰ። «ስድስት ቀን ቀርቶኛል» አሉ። «ያንቺ ነውና አንቺ ስገጂው።»

ሰገድኩ። ወጣትና ጤነኛ ነበርኩ፤ ሆኖም በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። እሳቸው ከዚያ ሁሉ ቀን አብዛኛውን የሰገዱት እኔ ጧት ጧት የሞተ መድኃኒት እየወጋኋቸው ነው።